ቀለም ያልነካው ውሃ

ከላይ የለጠፍኩላችሁ ምስል ቶማስ ቤንስ የተባለ እንግሊዛዊ ሠዓሊ ስለ ቪክቶሪያ ፏፏቴ ካሳተመው አልበም የተወሰደ ነው። አልበሙ እ.ኤ.አ. በ1865 ለንደን ውስጥ በደይ ኤንድ ሰን ማተሚያ ቤት በባለቀለም ሊቶግራፍ ታትሟል። እስቲ ውሃው የነጣበትን ቦታ አጉልታችሁ እዩት። ነጭ ቀለም የለበትም፤ የምታዩት ባዶውን ወረቀት ነው።

ሊቶግራፍ ከድንጋይ ላይ ማተም ነው። ዘዴውን በ1790ዎቹ መጨረሻ ሙኒክ ውስጥ ያገኘው አሎይስ ዜነፌልደር ነው። ምርጡ ድንጋይ ከባቫሪያው ዞልንሆፈን የሚወጣው ደቃቅ የኖራ ድንጋይ ነው። ባለሙያው የድንጋዩን ፊት ፈጭቶ ያስተካክልና ቅባት ባለው እርሳስ ይሥልበታል። ቀጥሎ የግራር ሙጫ ከጥቂት ናይትሪክ አሲድ ጋር ቀላቅሎ ይቀባዋል። ከዚያ በኋላ ያለውን ሥራ የሚሠራው የቅባትና የውሃ አለመስማማት ነው። ድንጋዩ ሲርስ ያልተሣለበት ገጽ ውሃውን ይይዛል፣ እርሳስ የነካው ይገፋዋል። የኅትመት ቀለሙም ቅባት ስለሆነ በሮለር ሲዳመጥበት እርጥቡን ትቶ እርሳሱ ባለፈበት ላይ ብቻ ይጣበቃል። ወረቀቱ ላይ ግራው ቀኝ ሆኖ ስለሚወጣ ድንጋዩ ላይ የሚሣለው ተገልብጦ ነው።

ባለቀለም ሲሆን ልፋቱ ይብሳል። ለእያንዳንዱ ቀለም ለብቻው ድንጋይ ይዘጋጃል፤ ያው አንዱ ወረቀት በሁሉም ላይ በየተራ ያልፋል። ትንሽ ከተዛነፈ ሥዕሉ ላይ ያለው የቋጥኝ ጠርዝ ይደበዝዛል። ፏፏቴ የሚፈትነው እዚህ ላይ ነው፤ ነጭ ሆኖ መቅረት ያለበት ቦታ በሁሉም ድንጋይ ላይ ሳይነካ መቅረት አለበት፣ እርሳስ ከነካውም በስለት ጫፍ እየተፋቀ ይነሳል። የአረፋው ክርና የጉሙ ጫፍ የተገኙት እንዲህ በመቆጠብ ነው። ይህን ካወቅሁ ወዲህ ከማንኛውም የዘይት ቅብ ፏፏቴ ይልቅ እነዚህን ሕትመቶች እወዳለሁ።

ቤንስ ቦታው ድረስ የሄደበት መንገድ ረጅም ነው። በ1858 ለአሳሹ ዴቪድ ሊቪንግስተን የዛምቤዚ ወንዝ ጉዞ ሠዓሊና ንብረት ጠባቂ ሆኖ ተቀጠረ። በዓመቱ ግን ንብረት አጉድለሃል ተብሎ ፏፏቴውን ሳያይ ተባረረ፤ ክሱን ፈጽሞ አልተቀበለም። ኋላ ከዛሬዋ ናሚቢያ ጠረፍ ተነስቶ ከነጋዴው ጄምስ ቻፕማን ጋር በረሃውን አቋርጦ በጁላይ 1862 ደረሰ። ቻፕማን ካሜራ ይዞ ነበር፤ ፏፏቴውን ለማንሳት ያደረገው ሙከራ አልተሳካም። ስለዚህ ሥራው በቤንስ ብሩሽ ላይ ወደቀ።

የአካባቢው ሰዎች ሞሲ ኦ ቱንያ የሚሉት ይህ ፏፏቴ 1,708 ሜትር ያህል ይሰፋል፣ 108 ሜትር ያህል ይወርዳል። የሚወርደው ግን ወደ ጠባብ ስንጥቅ ገደል ነው። ፊት ለፊቱ ሌላ ገደል ቆሟል፣ መካከሉን ጉም ይሞላዋል፤ መሬት ላይ ቆሞ ሁሉንም ባንዴ ማየት አይቻልም። ቤንስ ታዲያ ከፋፍሎ ሣለው፦ በፀሐይ መውጫ፣ ከምዕራብ ጫፍ፣ ከላይ እንደ ወፍ እያየ፣ ጎሾች ገደሉ አፋፍ ላይ ተሰብስበው። የፀሐይ መውጫው ሥዕል ርዕስ ጉሙ 1,200 ጫማ እንደሚነሳ ይናገራል፤ 365 ሜትር ገደማ ማለት ነው። አንዱ ሥዕል ደግሞ ዛንጁኤላ በተባለ የታንኳ ቀዛፊ ስም ተሰይሟል። በዚያ ዘመን የአውሮፓ መንገደኞች የሚያሻግሯቸውን ሰዎች ስም ብዙ ጊዜ አይጽፉም ነበርና ይህ ትልቅ ነገር ነው።

የእኛም አገር በዚሁ ዘዴ ታትሟል። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ከእንግሊዝ መልእክተኞች ጋር ሸዋ የመጣው ጀርመናዊው ዮሐን ማርቲን በርናትዝ ሥዕሎቹን በ1852 በሊቶግራፍ አልበም አውጥቷል። የ19ኛውን ክፍለ ዘመን ሸዋ መልክዓ ምድር ማየት የምትፈልጉ ፈልጉት።

አሮጌ ሊቶግራፍ ነው ተብሎ የሚሸጥ ነገር ካጋጠማችሁ በአጉሊ መነጽር እዩት። ነጥቦቹ በረድፍ ከተሰለፉ የዘመናችን የኦፍሴት ቅጂ ነው። በእርሳስ የተሣለ እውነተኛ የድንጋይ ኅትመት ቅንጣቶቹ ሥርዓት የላቸውም፤ የተፈጨውን ድንጋይ ሻካራነት ተከትለው ነው የሚወጡት።