ከኮፈኑ ሥር ያለው ትንሹ ባትሪ

ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ኅዳርና ታኅሣሥ ሲገባ ሌሊት ውርጭ ይወርዳል፤ ውጭ ያደረ መኪና ማለዳ ላይ መስተዋቱ አመዳይ ለብሶ ይገኛል። በእንዲህ ያለ ጠዋት መኪና አልነሳም ማለቱ ለከተማው አዲስ አይደለም። የአይሱዙም ሆነ የሚኒባስ ባትሪ ሲደክም መላው የታወቀ ነው፤ ሰው ተሰብስቦ ይገፋል፣ ሾፌሩ ማርሽ አስገብቶ ያስነሳል፣ ካልሆነም ከሌላ መኪና በኬብል ይገናኛል። አሁን ግን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትሩን ወጥተው እዚህ ከሚያድሩት መኪኖች መካከል የኤሌክትሪኮቹ እየበዙ ነው። የእነሱ ትንሹ ባትሪ ሲሞት ደግሞ ችግሩ አለመነሳት ብቻ አይደለም፤ በሩም አይከፈትም። ሪሞቱ ቢጫን መልስ የለም፤ ከበሩ ጋር እኩል ሆኖ የተደበቀው እጀታም ብቅ አይልም። ትልቁ ባትሪ ግን ማታ እንደሞላ ነው።

ነገሩን ለመረዳት መኪናው ሁለት ባትሪ እንዳለው ማወቅ ያስፈልጋል። ወለሉ ሥር የተነጠፈው ትልቁ በአብዛኞቹ መኪኖች ከ300 እስከ 400 ቮልት አካባቢ ይሰጣል። ይህ ሰው የሚገድል ኃይል ስለሆነ መኪናው በጠፋ ቁጥር ከቀረው ክፍል ተቆርጦ ይቀመጣል። የሚቆርጡትና የሚያገናኙት ኮንታክተር የሚባሉ ወፋፍራም ማብሪያ ማጥፊያዎች ናቸው። እነሱን ስቦ የሚያገናኛቸው፣ ኮምፒውተሮቹን የሚቀሰቅሰው፣ የበሩን ቁልፍ የሚያንቀሳቅሰው ግን ሌላ ነው፤ እንደ ማንኛውም መኪና ያለው የ12 ቮልት ባትሪ። መኪናው በርቶ ሳለ ትልቁ ባትሪ የራሱን ኃይል ወደ 12 ቮልት አውርዶ በሚሰጥ መለወጫ በኩል ትንሹን ይሞላዋል። በነዳጅ መኪና ይህ የዲናሞ ሥራ ነበር። ትንሹ ከሞተ ግን ኮንታክተሩን የሚስብ ስለሌለ ትልቁ ሊረዳው አይችልም። እህሉ ጎተራ ሙሉ ሆኖ የጎተራው ቁልፍ እዚያው ውስጥ ተቆልፎበት እንደቀረ ማለት ነው። መኪናውን ቻርጅ ላይ መሰካትም አብዛኛውን ጊዜ ፋይዳ የለውም፤ ኃይል መቀበሉን የሚፈቅደው ኮምፒውተር ራሱ ተኝቷል።

ባለቤቶችን ይበልጥ የሚያስደነግጠው ድንገተኛነቱ ነው። በነዳጅ መኪና ባትሪው ሊሞት ሲል ሞተሪኖው ያቃስታል፤ ጠዋት ጠዋት እየከበደው ሲዞር የሰማ ሾፌር ሳምንት ሳይሞላው ባትሪ ይቀይራል። ሞተሪኖ ሞተር ለማዞር በመቶዎች የሚቆጠር አምፔር ስለሚፈልግ ድካሙን ቶሎ ያጋልጣል። የኤሌክትሪክ መኪና ሞተሪኖ የለውም። ከትንሹ ባትሪ የሚፈልገው ጥቂት አምፔር ነው፤ ስለዚህ የደከመ ባትሪም ለወራት ደህና መስሎ ይሠራል፣ ከዚያ አንድ ሌሊት ቮልቱ ኮምፒውተሮቹ ከሚፈልጉት በታች ይወርድና ሁሉም ነገር በአንዴ ጸጥ ይላል።

ብርድ ይህን ያፋጥነዋል። የእርሳስና የአሲዱ ባትሪ በዜሮ ዲግሪ አካባቢ በሞቃት ቀን ከሚሰጠው 80 በመቶ ገደማውን ብቻ ነው የሚሰጠው። ዋናው ገዳይ ግን ብርድ ሳይሆን ሥራ ፈት መስሎ የቆመ መኪና የሚበላው ኃይል ነው። የቆመውን መኪና የሚጠብቁ ካሜራዎች፣ ከስልክ ጋር የሚገናኘው ክፍል፣ ሪሞቱ አጠገቡ በተቀመጠ ቁጥር ነቃ የሚለው ኮምፒውተር፣ ሁሉም ከትንሹ ይጠጣሉ። ብዙ ሞዴሎች ቆመውም ቢሆን አልፎ አልፎ ከትልቁ ባትሪ ወደ ትንሹ ይሞላሉ፤ ሁሉም ግን እኩል አይተጉም፣ አንዳንዶቹም ትልቁ ባትሪ ዝቅ ሲል ማካፈሉን ያቆማሉ። ወደ አገራችን የሚገቡት ደግሞ በመርከብ፣ በወደብና በሻጭ ግቢ ለወራት ቆመው የሚመጡ ስለሆኑ አዲስ የተባለው መኪና ትንሹ ባትሪ አስቀድሞ የተጎዳ ሊሆን ይችላል።

እንግዲህ እንዴት ይገባል? መልሱ በእጅ ላይ ነው፣ ሪሞቱ ውስጥ። አብዛኞቹ ሪሞቶች ጎናቸው ላይ ትንሽ መግፊያ አላቸው፤ እሷን ይዞ ጫፉን ሲስቡት ቀጭን የብረት ቁልፍ ይወጣል። ቀዳዳው በሾፌሩ በር ላይ ነው፣ ግን በቀላሉ አይታይም፤ በብዙ ሞዴሎች እጀታው ጫፍ ላይ የበሩን ቀለም የተቀባ ትንሽ የፕላስቲክ ክዳን ይሸፍነዋል። ክዳኑ ከሥሩ ስንጥቅ አለችው። እጀታውን ሳብ አድርጎ በዚያች ስንጥቅ የቁልፉን ጫፍ አስገብቶ ወደ ላይ ሲያነሱት ክዳኑ ይለቃል፣ ቁልፍ መግቢያው ይገለጣል። ውርጭ በወረደበት ጠዋት ፕላስቲኩ ስለሚደርቅ በኃይል መፈልቀቅ ይሰብረዋል፤ ቀስ ማለት ይሻላል። በአንዳንድ የቢዋይዲ ሞዴሎች ደግሞ ትንሹ ባትሪ የሊቲየም ነው፤ ኃይሉ ሲያንስ ራሱን ለማዳን ይተኛል፣ የሾፌሩን በር እጀታ ቁልፍ በጣት መጫን ሊቀሰቅሰው ይችላል። ከመፈልቀቅ በፊት ይህን መሞከር ነው።

በስልክ ወይም በካርድ ብቻ መኪና የሚከፍቱ ሰዎች ይህን ልብ ይበሉልኝ። ካርዱን የሚያነበው መሣሪያ መኪናው ላይ ነው፣ ኃይሉንም ከሞተው ባትሪ ነው የሚያገኘው። የብረቱ ቁልፍ ያለበት ሪሞት አዲስ አበባ መሳቢያ ውስጥ ከቀረ፣ ደብረ ብርሃን ላይ ስልኩ ምንም አያደርግም። ጉዞው ወደ አንኮበር ከቀጠለ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ከደብረ ብርሃን 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ገብቶ፣ ወደ ቀድሞው የምኒልክ ቤተ መንግሥት ጉብታ በእግር ወጥቶ አድሮ የሚመለስ እንግዳ መኪናው ከታች በብርድ ቆሞ ይጠብቀዋል። እዚያ በሰው ግፊት ማስነሳት አይሠራም። የእጅ ፍሬኑ ራሱ በኤሌክትሪክ የሚለቀቅ ስለሆነ ጎማው አይንቀሳቀስም፤ ቢንቀሳቀስም በመግፋት የሚነሳ ሞተር የለም።

በሩ ከተከፈተ በኋላ ኮፈኑን ከውስጥ በሚሳበው መክፈቻ ከፍቶ ወደ ትንሹ ባትሪ መድረስ ነው። በአብዛኞቹ መኪኖች እዚያው ኮፈን ሥር ይገኛል። ቴስላ ሞዴል 3 እና ሞዴል ዋይ የቁልፍ ቀዳዳ የላቸውም፣ ኮፈናቸውም በኤሌክትሪክ ነው የሚከፈተው። ለእነሱ መፍትሔው ከፊት ባምፐሩ ላይ ያለች ክብ ክዳን ናት፣ የመጎተቻው ማሰሪያ የሚገባባት። ክዳኗ ስትነሳ ቀይና ጥቁር ሁለት ሽቦ ይወጣል፤ ከውጭ በመጣ 12 ቮልት ሲነኩ ኮፈኑ ይለቃል።

ቀሪው የጋራዥ ሰው የሚያውቀው ነው። ቀዩ ኬብል መጀመሪያ ከሞተው ፖዘቲቭ፣ ቀጥሎ ከደህናው ፖዘቲቭ፤ ጥቁሩ ከደህናው ኔጌቲቭ፣ መጨረሻ ላይ ከሞተው መኪና ቦዲ፣ ከባትሪው ራቅ ያለ ባዶ ብረት ላይ። ሲነቀል በተቃራኒው። የሚያስፈልገው ኃይል ትንሽ ስለሆነ በኪስ የሚያዝ ማስነሻም ይበቃል። ዳሽቦርዱ ዝግጁ ነኝ ካለ በኋላ መኪናውን ሳያጠፉ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ማቆየት ነው፣ መለወጫው ትንሹን ይሙላው። በመለኪያ ሲታይ ቮልቱ ከ13 በላይ ከወጣ መለወጫው እየሠራ ነው። ብርቱካናማ ሽፋን ያለው ወፍራም ገመድ ግን በምንም ምክንያት አይነካ፤ እሱ የትልቁ ባትሪ ነው። የኤሌክትሪክ መኪናን አይሱዙ ለማስነሳት ማዋስም አይገባም፤ ሞተሪኖው የሚስበው ኃይል መለወጫውን ሊያቃጥለው ይችላል።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ውጭ የቆመው ሰው አይደለም፣ ውስጥ ያለው ነው። በ2024 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ አሪዞና ስኮትስዴል ከተማ አንዲት ሕፃን ባትሪው በሞተ ቴስላ ውስጥ ተቆልፎባት የእሳት አደጋ ሠራተኞች መስኮት ሰብረው አወጧት። የቴስላ የፊት በሮች ከመስኮት ቁልፎቹ አጠገብ በእጅ የሚነሳ መክፈቻ አላቸው፤ የኋላዎቹ ግን በአንዳንድ ሞዴሎች ጭራሽ የላቸውም፣ በሌሎቹ ምንጣፍ ሥር ተደብቋል። ቻይናም በ2025 እ.ኤ.አ. ኃይል ቢጠፋም ከውስጥም ከውጭም በእጅ የሚከፈት በር ግዴታ የሚያደርግ ረቂቅ ደንብ አውጥታለች። እኔ በበኩሌ የተደበቀ እጀታ ለመልክ ሲባል የተከፈለ ከልክ ያለፈ ዋጋ ነው እላለሁ።

የነዳጅ የቤት መኪና ወደ ኢትዮጵያ እንዳይገባ የተከለከለው በጥር 2016 ነው። ከዚያ ወዲህ ከገቡት ብዙዎቹ ለቻይና ገበያ የተሠሩ ናቸው፤ መጽሐፋቸው በቻይንኛ ስለሆነ የቁልፍ ቀዳዳው የት እንዳለ የሚናገረውን ገጽ ማንም አያነበውም። ሻጩ ስለ ስክሪኑና ስለ ርቀቱ ብዙ ይናገራል። ገዢው ከመፈረሙ በፊት ሪሞቱን ወደ ጎን አስቀምጦ በብረቱ ቁልፍ ብቻ በሩን አንድ ጊዜ ከፍቶ እንዲያሳየው ሻጩን ይጠይቅ። ከዚያ ከኋላ ወንበር ተቀምጦ በእጅ የሚከፈተው መክፈቻ የት እንዳለ ራሱ በጣቱ ያግኝ፤ ልጆች ካሉትም እነሱም ያግኙት።