ሐዲዱን ስንመታ ትንፋሽ እንተውለት

በሻሸመኔ ባቡር ስለማያልፍ፣ ብዙዎቹ ልጆች ሐዲድን የሚያውቁት በሥዕል ነው። ስለዚህ ለማስተማር ልምምዳችን ከሽቦና ከእንጨት የባቡር ሞዴል ሠራን። ታዲያ ምን ሆነ መሰላችሁ? ባቡሩ ገና ሲነሣ ከሐዲዱ ወጣ! ልጆቹ ሳቁ፤ እኛም አፈርን።

ጥፋቱ የምስማሩ አመታት ነበር። «ይጥበቅ» እያልን ስንደበድብ ተጋዳሚው እንጨት መሐሉ ሰረጎደ፤ ሁለቱ ሐዲዶች ወደ ውስጥ አዘነበሉ፤ ስፋታቸውም ጠበበ።

እንግዲህ እንዲህ እናድርግ፦ መስመሩን በእርሳስ እናሥምር፤ ለምስማሩ አስቀድመን ቀዳዳ እንብሳ፤ የምስማሩ ራስ እንጨቱን ነካ ሲያደርግ መዶሻውን እናቁም። ስፋቱን በካርቶን መለኪያ በየቦታው እንፈትሽ። በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው የቀድሞው ሐዲድ ስፋቱ 1 ሜትር ነው፤ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀውና በአዳማ በኩል የሚያልፈው አዲሱ ግን 1,435 ሚሊ ሜትር ነው። መቶ ጊዜ ሲያንሱ የመጀመሪያው 10፣ ሁለተኛው 14.35 ሚሊ ሜትር ይሆናሉ። ይህ ራሱ ጥሩ የሒሳብ ትምህርት ነው።

በየመጋጠሚያው ደግሞ ወረቀት የሚያስገባ ክፍተት እንተው። 10 ሜትር የብረት ሐዲድ ሙቀቱ በ30 ዲግሪ ሲጨምር 3.6 ሚሊ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ ቦታ ካጣ ይጎብጣል። የእኛም ጣውላ በክረምት እርጥበት ያብጣል፣ በበጋ ይኮማተራል።

ጓዶች፣ ማጥበቅ ሁሉ ማጽናት አይደለም። ከልጆች ፊት ከመቅረባችን በፊት መርጃ መሣሪያችንን ደጋግመን እንሞክረው።