በሐይቅ ዳርቻ መኖሪያ ይዞታ ላይ የርቀት ቅናሽ ጥያቄ እንዴት ይመዘናል?

በከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 መሠረት በከተማ ክልል የሚካሄድ ግንባታ ከጸደቀው ፕላን ጋር መጣጣም ይኖርበታል። ባለይዞታው ቤቱ ከሐይቁ የሚርቅበት ልክ እንዲቀነስለት ሲጠይቅ፣ የቦታው መጥበብ ብቻውን በቂ ምክንያት አይሆንም፤ ፍሳሹ የት እንደሚደርስ መታየት አለበት። በደቡብ ወሎ፣ ተሁለደሬ ወረዳ የሚገኘው የሐይቅ ሐይቅ ውኃው ወደ ውጭ የሚፈስበት ወንዝ የለውም። ስለዚህ ከመጸዳጃ ጉድጓድ ሰርጎ የሚገባው ቆሻሻ እዚያው ይከማቻል። ጣና በዓባይ በኩል መውጫ አለው፤ ሆኖም ከክረምት በኋላ ውኃው ከፍ ስለሚል፣ በበጋ የሚታየውን ጠርዝ መነሻ አድርጎ መለካት ያሳስታል።

አመልካቹ መሠረት ከመጣሉ አስቀድሞ የይዞታ ማረጋገጫውን፣ እንዲሁም የቤቱንና የፍሳሽ ጉድጓዱን ርቀት የሚያሳይ ንድፍ ይዞ ለከተማው አስተዳደር ቢያቀርብ ከአላስፈላጊ ወጪ ይድናል።