«አውጚ» ላይ ሳጥን ለምን ይወጣል?

የዘንገና ሐይቅን ለጎብኚ የሚያስተዋውቅ ድረ ገጽ በአማርኛና በአውጚ ልትሠሩ ነው እንበል። አማርኛው ያምራል። «አውጚ» ላይ ስትደርሱ ግን «ጚ» ባዶ ሳጥን ትሆናለች፤ ወይም ከሌላ ፎንት ተበድራ ከጎረቤቶቿ ወፍራ ትታያለች።

ጥፋቱ የዩኒኮድ አይደለም። የ«ጘ» ቤት በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ከሌሎቹ የግዕዝ ፊደላት ጋር ገብቷል። አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ ፎንቱ ነው፦ ወይ ሠሪው አማርኛን ብቻ አስቦ ስሏል፣ ወይ እኛው ፋይሉን ለማቅለል «አያስፈልግም» ያልነውን ፊደል ቆርጠናል። መቁረጡ ለደካማ ኔትወርክ ይጠቅማል፤ የሰውን ቋንቋ እስኪነካ ግን መሆን የለበትም።

ከመገመት ይልቅ ክሮምን ጠይቁት። ጽሑፉ ላይ «ኢንስፔክት» ብላችሁ «ኮምፒውትድ» የሚለውን ክፈቱ፤ ከታች የትኛው ፎንት ስንት ፊደል እንደሣለ ይነግራችኋል። ከዚያ በሲኤስኤስ «ፎንት-ፌስ» ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ወይም አቢሲኒካ ሲልን ጫኑ። «ዩኒኮድ-ሬንጅ» ካስገባችሁ ቢያንስ ከ1200 እስከ 139ኤፍ ያለውን ይያዝ።

ስለ ሌላው ባጭሩ፦ «ላይን-ሃይት» 1.7 አካባቢ ለዓይን ይመቻል። «ኢታሊክ»ን ተዉት፤ ፎንቱ የራሱ ዘመም ቅርጽ ከሌለው ብራውዘሩ ፊደሉን በግድ ያጋድመዋል፣ እኔ ደግሞ ሲያምር አይቼ አላውቅም።

ገጹን ከመልቀቃችሁ በፊት ጘ ጙ ጚ ጛ ጜ ጝ ጞ ብላችሁ ጻፉና በርካሽ ስልክ እዩት።