የካፑስቲን የቢግ ባንድ ዓመታት

ኒኮላይ ካፑስቲን በአንድ የጃዝ ኦርኬስትራ ውስጥ ዐሥራ አንድ ዓመት ፒያኖ ተጫውቷል፤ የጃዝ ሙዚቀኛ ነኝ ብሎ ግን አያውቅም። ጃዝ የሚጫወት ሰው መድረክ ላይ ሆኖ ዜማውን ከራሱ ያፈልቃል። ካፑስቲን ግን እያንዳንዷን ኖታ አስቀድሞ ወረቀት ላይ ያሰፍር ነበር። ለሰሚው ጣቶቹ እዚያው የፈጠሩት ይመስል ነበር እንጂ ያልተጻፈ ድምፅ አይወጣም ነበር። ይህን ጥበብ ያበሰለው በወጣትነቱ ለፒያኖና ለቢግ ባንድ በጻፋቸው ሥራዎች ነው።

የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1937 በዩክሬን ጎርሎቭካ ከተማ ነው። በ14 ዓመቱ ሞስኮ ገባ። የመጀመሪያ የሞስኮ መምህሩ አቭሬሊያን ሩባክ የፌሊክስ ብሉመንፌልድ ተማሪ ነበሩ፤ ብሉመንፌልድ ደግሞ ታላቁን ፒያኒስት ሆሮዊትዝን ያስተማሩ ናቸው። ቀጥሎ በሞስኮ ኮንሰርቫቶሪ ከደራሲው ቶልስቶይ ወዳጅ ከሽማግሌው አሌክሳንደር ጎልደንቫይዘር ዘንድ ተምሮ በ1961 ተመረቀ። የትምህርቱ መሠረት ባህና ቤትሆቨን፣ ሾፓንና ሊስት ነበሩ። ጃዝን ያገኘው ከትምህርት ቤት ውጭ ነው፤ ከአሜሪካ ድምፅ ሬዲዮ።

ጊዜውም ረድቶታል። በስታሊን የመጨረሻ ዓመታት ጃዝ የጠላት ሙዚቃ ተብሎ ተሳድዶ ነበር፤ ከ1953 በኋላ ግን ቁጥጥሩ ቀስ በቀስ ላላ። በ1957 ሞስኮ የዓለም ወጣቶችና ተማሪዎች ፌስቲቫልን ስታስተናግድ የውጭ ጃዝ ባንዶች ሳይቀሩ መጡ። የካፑስቲን ኦፐስ 1 (ሥራ ቁጥር 1)፣ የፒያኖና የኦርኬስትራ ኮንሰርቲኖው፣ ለሕዝብ የቀረበው በዚያው ዓመት ነው። ያኔ ገና ተማሪ ነበር።

እንደተመረቀ ኦሌግ ሉንድስትረም ባንድ ገባ። የዚህ ባንድ ታሪክ ብቻውን መጽሐፍ ይወጣዋል፤ በ1934 በቻይና ይኖሩ በነበሩ ወጣት ሩሲያውያን ተመሥርቶ በ1947 ወደ ሶቪየት ኅብረት የተመለሰ ነው። ካፑስቲን እስከ 1972 ድረስ እዚያ ቆየ። በ1962 ለፒያኖና ለቢግ ባንድ ቫሪየሽንስን፣ ኦፐስ 3ን ጻፈ፤ በ1964 ደግሞ ቶካታውን፣ ኦፐስ 8ን።

ቢግ ባንድ ቫዮሊን የለውም። ዋናው ጉልበቱ ሳክስፎኖች፣ ትራምፔቶችና ትሮምቦኖች ናቸው፤ ከኋላ ድራም፣ ቤዝና ፒያኖ ምቱን ይይዛሉ። እንግዲህ በተለመደው አሠራር ፒያኖው አጃቢ ነው። ካፑስቲን ከኋላ አውጥቶ ፊት አስቀመጠው፤ እንደ ክላሲካል ኮንሰርቶ ባለቤቱ አደረገው። ችግሩ ትራምፔቶቹ አንድ ላይ ሲነፉ ፒያኖ መዋጡ ነው። ስለዚህ ነፊዎቹ አጭርና ስለታም ድምፅ ጥለው ዝም ማለት አለባቸው፤ ፒያኖው በዚያ ክፍተት ይሮጣል። እንዲህ ዓይነቱን ልክ ከመጽሐፍ ይልቅ ማታ ማታ ከነፊዎቹ ጋር አብሮ የሚቀመጥ ሰው ቶሎ ያውቀዋል።

ቶካታ ከባህ ዘመን በፊት ጀምሮ የጣት ፍጥነት የሚፈተንበት የሙዚቃ ዓይነት ነው። ካፑስቲን ያንን የድሮ ቅርጽ ወስዶ በስዊንግ ምት ላይ አስቀመጠው። ወጣቱ ካፑስቲን ራሱ ፒያኖው ላይ ተቀምጦ ከሉንድስትረም ባንድ ጋር ኦፐስ 8ን ሲጫወት የሚያሳይ የ1964 ፊልም አለ። እኔ ከማንኛውም ገለጻ በፊት እሱን እዩ እላለሁ። እጁ የኮንሰርቫቶሪ እጅ ነው፤ ንጹሕና ያልተንዛዛ። ምቱ ግን ፍጹም የጃዝ ነው፤ አንዱ ሌላውን ሲጫን አይታይም።

ዛሬ ዓለም ካፑስቲንን የሚያውቀው በብቸኛ ፒያኖ ሥራዎቹ፣ በተለይም በሃያ ሶናታዎቹና በ1984 በጻፋቸው ስምንት የኮንሰርት ኤቱዶች ነው። ፒያኒስቶቹ ስቲቨን ኦስቦርንና ማርክ አንድሬ አምላን ቀርጸው ካሳተሙ ወዲህ ተማሪዎች በየአገሩ ይለማመዷቸዋል። የቀደሙት የባንድ ሥራዎች በጥላ ሥር መቅረታቸው ያሳዝነኛል፤ ኤቱዶቹ ያለ እነሱ ግማሽ ታሪክ ናቸውና። ከስምንቱ ሦስተኛው ቶካቲና ይባላል። ከኦፐስ 8 ቀጥላችሁ ብታዳምጡት ከሃያ ዓመት በፊት ለባንዱ ሁሉ የተከፋፈለው ሥራ በሁለት እጅ ሲሠራ ትሰማላችሁ፦ ግራው የቤዙንና የድራሙን፣ ቀኙ የነፊዎቹን።