ፌስታል ሲቀር ሥራው በማን ላይ ይወድቃል?

ማዳም 20 ድርሃም ሰጥታ ወደ ባቃላ ልካሻለች። ዳቦ፣ ወተትና እንቁላል ይዘሽ ከፍለሽ ስታበቂ ባለ ሱቁ «ፌስታል የለም» ይልሻል። ያለው የሚሸጥ ወፍራም ቦርሳ ብቻ ነው። ከገዛሽው የመልሱ ሂሳብ ይጎድላል፤ ካልገዛሽው ደግሞ እንቁላሉን በክንድሽ ታቅፈሽ ሊፍት ልትጠብቂ ነው። ትንሽ ነገር ይመስላል። በሰው ቤት ለሚሠራ ሰው ግን የጎደለች ሳንቲም ሁሉ ጥያቄ ታስነሳለች።

ስለዚህ ሕጉን ማወቅ ይጠቅምሻል። አቡ ዳቢ አንዴ ተጠቅመው የሚጥሉትን ፌስታል የከለከለችው እ.ኤ.አ. ከጁን 1 ቀን 2022 ጀምሮ ነው። ዱባይ ከጁላይ 1 ቀን 2022 በአንዱ 25 ፊልስ ማስከፈል ጀመረች፤ ከጁን 1 ቀን 2024 ወዲህ ደግሞ ጨርሳ ከለከለች። በ2025 የስታይሮፎም ኩባያና የምግብ ዕቃ፣ የፕላስቲክ ስትሮና የፕላስቲክ የጠረጴዛ ልብስ ተጨመሩ። ከጃንዋሪ 1 ቀን 2026 ጀምሮ በመላው ኤምሬትስ የፕላስቲክ ሳህን፣ ማንኪያ፣ ሹካ፣ ኩባያና ክዳኑ ክልከላው ውስጥ ገብተዋል። የቆሻሻ መጣያ ከረጢትና አትክልት ወይም ሥጋ የሚጠቀለልበት ስስ ላስቲክ ግን አልተከለከሉም። ኳታርም ከኖቬምበር 2022 ጀምሮ ፌስታል ከልክላለች።

ምክንያቱ ለእኛ እንግዳ አይደለም። አገር ቤት ላም ፌስታል በልታ ስትሞት ያላየ ጥቂት ነው። እዚህም በዱባይ የእንስሳት ሕክምና ባለሙያዎች በሞቱ ግመሎች ሆድ ውስጥ እንደ ድንጋይ የጠጠረ የፌስታል ክምር አግኝተዋል። ነፋስ በረሃ የወሰደውን ላስቲክ ግመሉ ምግብ መስሎት ይውጠዋል።

አሁን ወደ አንቺ ሥራ እንምጣ። እንግዳ በሚበዛበት ቀን፣ በተለይ በረመዳን፣ ብዙ ቤት የላስቲክ ሱፍራ ዘርግቶ በፕላስቲክ ሳህን ያቀርብ ነበር። ሲያበቃ ተጠቅልሎ ይጣላል። ያ ሲቀር ሳህኑም ብርጭቆውም የሚታጠብ ይሆናል፤ የሚያጥበውም ማን እንደሆነ ታውቂያለሽ። ሕጉ ለአካባቢው መልካም ነው፤ ሸክሙ ግን በአንድ ሰው ጫንቃ ላይ ብቻ መውደቅ የለበትም። እንግዳ ከመምጣቱ በፊት ማዳምን በለሰለሰ ቃል አነጋግሪ፦ «ዕቃው ብዙ ነው፣ ሳህኑ ማታ ተነክሮ ጠዋት ልጠበው?» ወይም «ልጆቹ የበሉበትን እስከ ኩሽና ያምጡልኝ?» ማለት ነውር አይደለም። የኤምሬትስ የቤት ሠራተኞች ሕግ በቀን 12 ሰዓት ዕረፍት እንደሚገባሽ፣ ከዚህም ቢያንስ 8ቱ ሰዓት ሳይቋረጥ መሆን እንዳለበት ይናገራል። ሳህን ማጠብ ይህን ሰዓት አይሰርዘውም።

ለባቃላውም መላ አለው። ሁለት የጨርቅ ቦርሳ በር አጠገብ ስቀይ፤ ከሌለ «ማዳም፣ ኪስ ቁማሽ» ብለሽ ጠይቂ፣ በዐረብኛ የጨርቅ ከረጢት ማለት ነው። ቦርሳ ግድ ከሆነብሽና ከገዛሽ ደረሰኙን ይዘሽ ግቢ፤ ሂሳቡ ራሱ ይናገርልሻል። ጥሬ ሥጋና ዓሣ የያዝሽበትን ቦርሳ ሳታጥቢ ዳቦ አትክተቺበት።

ዕቃ ደግሞ መጠቀም እኛ ከልጅነታችን የምናውቀው ነው። «ሃይላንድ» የምንለው የውሃ ጠርሙስ አገር ቤት ዘይትም ጠላም ይያዝበታል፤ የተረፈውን ቆራሌው ይወስደዋል። እዚህ ግን አንድ ነገር አደራ፦ በረኪናም ሆነ ሌላ የጽዳት ኬሚካል በውሃ ጠርሙስ ውስጥ አታስቀምጪ። ሲያዩት ውሃ ይመስላል። ሕፃኑ፣ ጓደኛሽ ወይም ሌሊት ጠምቶሽ የተነሣሽ አንቺ ራስሽ ልትጠጪው ትችያለሽ። ኬሚካሉ በመጣበት ዕቃ፣ ክዳኑ ተከድኖ፣ ከፍ ያለ ቦታ ይቀመጥ። በረኪናን ከሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ ጋርም አትቀላቅዪ፤ የሚወጣው ጭስ ሳንባ ይጎዳል። ሰው ከጠጣ እንዲያስመልስ አታስገድዱት፤ በኤምሬትስ አምቡላንስ በ998 ይጠራል። ጠርሙሱን ለሐኪሙ አሳዩት።

ለመጠጥ ውሃሽ የምትሞይው የብረት ኮዳ ቢኖርሽ ይሻላል። በዱባይ ከ2022 ጀምሮ በመናፈሻና በባሕር ዳርቻ በነጻ ውሃ የሚሞላባቸው ቦታዎች ተተክለዋል። በዕረፍት ቀንሽ ስትወጪ ለውሃ የምታወጪው ሳንቲም ይተርፍልሻል።

በመጨረሻም ወደ አገር ቤት የምትገቢ ከሆነ ይህን አትርሺ። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በ2017 ዓ.ም. ያጸደቀው የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ ፌስታልን ከልክሏል። ለእናትሽ የገዛሽውን ነጠላ ጫማና ሽቶ በፌስታል ከምትቋጥሪ በጨርቅ ቦርሳ ያዥላት። ስጦታው ሲያልቅ ቦርሳው ለእሷ የገበያ ዘንቢል ይሆናታል፤ ገበያ በወጣች ቁጥርም አንቺን ታስታውስሻለች።