ራሱን ያልሸነገለው ሠዓሊ ሬምብራንት

ከሆላንድ ሠዓልያን መካከል የሰውን መልክ በመሣል ስሙ ከሁሉ ልቆ የሚነሣው ሬምብራንት ቫን ራይን ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1606 ዓ.ም. በላይደን ከተማ ከአንድ ባለወፍጮ ቤት ተወለደ። ገና ሃያ ዓመት ገደማ ሳለ፣ በ1626፣ ፊልጶስ ኢትዮጵያዊውን ጃንደረባ ሲያጠምቅ የሚያሳይ ሥዕል ሠራ፤ ይህም ሥዕል ዛሬ በዩትሬክት ቤተ መዘክር ይገኛል።

ወደ አምስተርዳም ከተሻገረ በኋላ ባለጠጎች መልካቸውን ለማሣል ደጁን ይጠኑ ጀመር። በ1639 በ13,000 ጊልደር ታላቅ ቤት ገዛ። በ1642 «የሌሊት ዘብ» የተባለውን ዝነኛ ሥዕሉን ፈጸመ፤ በዚያው ዓመት ሚስቱ ሳስኪያ ሞተችበት። የቤቱ ዕዳ ከበደው፤ ለሥዕልና ለብርቅ ዕቃ መግዣ የሚያወጣውም ገንዘብ ተጨመረበት። በመጨረሻም በ1656 መክሰሩን ለዳኞች አመልክቶ ንብረቱ በሐራጅ ተሸጠ።

ሆኖም ብሩሹን አልጣለም። በሕይወት ዘመኑ የራሱን መልክ ሰማንያ ጊዜ ያህል ሥሏል። በደኅናው ዘመን በከፋይ አጊጦ ይታያል፤ በሽምግልናው ደግሞ የተሸበሸበ ግንባሩንና የደከመ ዓይኑን ሳይሸሽግ አቅርቧል። በ1669 ሲሞት የተቀበረው ስም ባልተጻፈበት የኪራይ መቃብር ነበር። ሹመትም ሀብትም ካለፈ በኋላ የሚቀረው ሰው ምን እንደሚመስል ለማወቅ የሚሻ ሁሉ እነዚያን የሽምግልና ሥዕሎች አስተውሎ ይመልከት።